ከነጨርቁ የተለካው ዳዊት

ባለቤቴ አስተማሪ ሆኖ ደባርቅ ሲመደብ አብሬው መጣሁ፤ በሦስተኛው ወር የጓሮዋን ክፍል የቆዳ መሥሪያ አደረግኋት። ሙያውን የተማርኩት ድሬዳዋ፣ ከአባቴ ነው። እዚያ ማስቲሽ ቀብተው ዘወር እስኪሉ ይደርቃል። ደባርቅ ላይ ጠዋት የቀባሁት እስከ ማታ ጣት ላይ ይለጠፋል። ቆዳው እንደ ጣውላ ይገግማል፤ እጄ ደንዝዞ ወስፌው እንደ ወጋኝ የማውቀው ደሙን ሳይ ነው። አንዴ ቸኩዬ እርጥብ ቆዳ ወደ ከሰል ማንደጃው ባስጠጋ እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰባበረ። ከዚያ ወዲህ ሰቅዬ ሦስት ቀን መጠበቅ ተማርኩ።

ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሴት፣ በበሩ ብቅ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ የመምህር ሚስት ፋቂ ትሁን?» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ግን ከብርዱ ይልቅ እሱ ዘለቀኝ። ሰው ሥራ ካላመጣልኝ ክፍሏ ተመልሳ የማገዶ ማስቀመጫ መሆኗ ነው።

ስለዚህ የደብራችን አዛውንት ቄስ ለዳዊታቸው ማኅደር ስፊልኝ ብለው ሲመጡ አምላኬን አመሰገንኩ። መጽሐፉን ከብርድና ከአቧራ ብለው በጋቢ ቁራጭ ደጋግመው ጠቅልለውታል። እኔ ደግሞ ያን ሳምንት ቅዱስ ነገር የማልነካበት ጊዜ ላይ ነበርኩ። ይህን ለቄስ እንዴት ይነግሩታል? ጨርቁን ሳልፈታ ከላይ ክር አዙሬ ለካሁና፣ «ይውሰዱት አባ፣ ልኩን ይዣለሁ» አልኩ።

ማኅደሩ ሲያልቅ ቄሱ አንግተውት ሄዱ። በማግስቱ ተመለሱ። ጎረቤቴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያያሉ።

«ልጄ፣ ይኼን የሰፋሽው ለዳዊቱ ነው ለእኔ? እኔ ብገባበትም ቦታ ይተርፋል» አሉ ቄሱ።

ማኅደር ካገኘ ጨርቅ ምን ያደርግለታል ብለው አውልቀውለት ኖሯል፤ ጅረት ሲሻገሩ ጎንበስ ቢሉ መጽሐፉ ሾልኮ ወደቀ። ደግነቱ ሣር ላይ።

«ከነጨርቁ ነው የለካሁት» አልኩ።

«ምነው?»

መጽሐፉን እንዳልነካ እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። ገባቸው።

«ፍርሃትሽስ ሸጋ ነው። ግን ‹አባ፣ እርስዎ ይፍቱት› ማለት ያቅታል?»

መጽሐፉን በገዛ እጃቸው ይዘው ቆሙልኝ፤ ሳልነካው ክሩን አዞርኩበት። ስፌቱን ፈታሁ፣ ቆዳውን ቀነስኩ፣ እንደገና ሰፍቼ አርጥቤ ሰቀልኩት። ማንደጃውን አየት አድርጌ ተውኩት።

በአራተኛው ቀን ዳዊቱ ልክክ ብሎ ገባ። ቄሱ ማኅደሩን ደጃፋቸው ላይ ወደ ቆሙት ጎረቤቴ ዘቅዝቀው ነቀነቁት። «እይማ፣ ይወድቃል?» ጨርቁን ለእኔ ሰጡኝ። «መጽሐፉ ቤት አገኘ፤ አሁን የሚበርደው ያንቺ እጅ ነው።» ዳዊት የለበሰውን እጄ ላይ ልጠቀልል አልደፈርኩም፤ ከመሥሪያዬ በላይ ሰቀልኩት።

በሳምንቱ ጎረቤቴ የባላቸውን የተበጠሰ ኮርቻ ተሸክመው ገቡ። ጨርቁን ቀና ብለው አዩትና ኮርቻውን ፊቴ አስቀመጡት።

«ይኸው ልጄ፣ ራቁቱን ነው። እንደ ልብሽ ለኪው።»