ለእኔ ነው የተባለው ብረት

ባሌ ሳልጠይቀው ስጦታ ገዝቶልኝ አያውቅም። ስለዚህ ከወደብ ሥራው ሲመለስ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ቆልማማ ብረት ተሸክሞ ገብቶ «ለአንቺ ነው» ሲለኝ ነገሩ አላማረኝም። የእርግዝናዬ ዘጠነኛ ወር ነበር። በዚያ ወር ሴት የሚያስፈልጋት ነገር ብዙ ነው፤ ብረት ግን ከዚያ ውስጥ የለበትም።

ብረቱ ከመኪናው ሥር የግራና የቀኙን የኋላ ጎማ የሚያያይዝ ነው። መኪናው ሲታጠፍ ወደ ጎን እንዳያጋድል ይይዘዋል። ፋብሪካው የገጠመው ቀጭን ነው፣ ይሄኛው ወፍራም ስለሆነ መኪናው ቀጥ ብሎ ይዞራል አለኝ። ያን ጊዜ የምንኖርባት የእስራኤሏ ከተማ አሽዶድ የራሷ ሆስፒታል አልነበራትም። ምጥ ሲመጣ እስከ ሬሆቮት ከተማ መሄድ ግድ ነው፤ ከሰፈራችን ከሮቫ ቫቭ እስክንወጣ ደግሞ አደባባይ በአደባባይ ነው። በየአደባባዩ መኪናው እያጋደለ ሆዴን ሲያላጋው «ቀስ በል!» ብዬ እጮህበታለሁ። እሱ ደግሞ «ቀስ ብያለሁ፣ ብረቱ ነው» ይላል።

እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። እንቁላል ስገዛ እንኳ አንድ በአንድ አንስቼ ካላየሁ አልወስድም። ወደቡ ላይ አብረውት የሚሠሩ ጎረምሶች መኪናቸውን እያሳመሩ በባሕሩ ዳር መንገድ እንደሚሽቀዳደሙ እሰማ ነበር። ከእነሱ ጋር በስልክ ሲያወራ እኔ ከገባሁ ድምፁ ዝቅ ይላል። በእኔ ሆድ አሳቦ የልቡን ሊያደርስ ነው አልኩ። ደሜ ፈላ።

ዓርብ ጠዋት ከሕንፃችን ሥር መኪናውን በክሪክ አንስቶ ሲገባበት፣ የፕላስቲክ ወንበር ይዤ ወረድኩና እግሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«ማሚ፣ ፀሐይ ነው፣ ግቢ» አለኝ ከመኪናው ሥር።

ማሚ ብሎ የሚያቆላምጠኝ አንድ ነገር ሲፈልግ ነው።

«ደህና ነኝ። ምንድን ነው የምትቀባው?»

«ግራሶ ነው። ብረቱን የሚይዘው ጎሚኒ፣ ላስቲኩ፣ እንዳይጮህ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ሥራ ቦታ ያለ ሰው።»

«የትኛው? ያ በባሕሩ ዳር የሚጋልበው?»

«ሚሽታራ ሆንሽብኝ እንዴ? ፖሊስ እንኳ እንደዚህ አይጠይቅም! ለአንቺ ነው አልኩሽ እኮ!»

አሮጌውን ብረት ፈትቶ አስፋልቱ ላይ ጣለው። ከአውራ ጣቴ ብዙም አይወፍርም። ይህን በሚያህል ነገር ነው የኖርነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ወዲያው ደግሞ እንድደነግጥለት ብሎ ፊቴ እንደጣለው ጠረጠርኩ።

ብሎኖቹን አጥብቆ ሲጨርስ እንሞክረው አለ። ሰንበቱ፣ ሻባት፣ ሳይገባ መጨረስ ያለብኝ ወጥ ነበረኝ፤ ግን ብቻውን ብለቀው የት እንደሚሄድ አላውቅም። ቀበቶውን ከሆዴ በታች አሰርኩና ሄድን።

የመጀመሪያውን አደባባይ ዞርን። ሆዴ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛውም እንደዚያው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ሰውየውን በከንቱ ስጠረጥረው ከረምኩ ብዬ አዘንኩለት። ሦስተኛው ላይ ግን ዓይኔ የፍጥነቱ መርፌ ላይ አረፈ። በሠላሳ ስንዞር የምጮህበትን አደባባይ ከአርባ በላይ እየዞርነው ነው። ሰውነቴ አላወቀውም። ድሮ ሲያጋድል መኪናው ራሱ ይነግረኝ ነበር፤ አሁን አፉን ዘግቷል።

«መርፌውን እየው!» አልኩት። «ሲያጋድል በስንት እንደምትነዳ አውቅብህ ነበር። አሁን በምን ልወቅብህ? ለዚህ ነው የገጠምከው አይደል?»

ይቆጣል፣ ወይም ማሚ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጎንበስ ብሎ መርፌውን አየና ፊቱ ልውጥ አለ። ዳር ይዞ አቆመ።

«እኔም አልታወቀኝም» አለ።

በዚያን ቀን ከተናገረው ሁሉ ያመንኩት ይህን ብቻ ነው። ይህንኑ ነው የፈራሁትም። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር፤ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል።

እሁድ እፈታዋለሁ አለ። ምጡ ግን ቅዳሜ ማታ፣ ሻባት እንደወጣ ቀደመው። ከዚያ ወፍራም ብረት ጋር ወደ ሬሆቮት ወጣን። ዓይኔን ከመርፌው አልነቀልኩም። ጥርሴን ነክሼ ቁጥሩን እጠራለታለሁ፤ እሱ «እሺ» ይልና ይቀንሳል። አንድም ጊዜ አልተከራከረኝም።

አዋላጇ ተቀብላኝ ምጡ በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። መንገዱን ሁሉ ስቆጥር የመጣሁት የእሱን ፍጥነት ነበር።