በሬሳ የሚቀና ሰው

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በሚስት ይቀናል። የወንጂው ካቦ ኃይለጊዮርጊስ ግን የሚቀናው በሬሳ ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምለው፤ እዚህ ግን «እሱ» እያልኩ ላውራው፣ ንዴቴ ገና አልበረደልኝም።

እኔ ጃራ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበርኩ፤ ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ካምፑን እየዞርኩ የምለፍፍ። ኃይለጊዮርጊስ በሥራው የአገዳ ቆራጮች አለቃ፣ በሰፈር የእድሩ ዳኛ ነው። ቀብር በሄድን ቁጥር መቃብር ዳር ቆሞ የሚያየው ሬሳውን ሳይሆን ሕዝቡን ነው። ሰው ከበዛ ፊቱ ይጠቁራል።

«ለአንድ ሰካራም ይህ ሁሉ ሰው? የእናቴ ቀብር ዕለት ይህን ያህል ይመጣ ይሆን ጃራ?» ይለኛል።

ልጅ አልወለደም፤ ያለችው አሮጊት እናቱ ብቻ ናት። እሷን በሕዝብ አሳጅቦ መቅበር የዕድሜ ልክ ምኞቱ ነበር።

ደገፋ ደግሞ ከከምባታ መጥቶ አገዳ የሚቆርጥ ሰው ነው። ሎሚ የምትባል የዚሁ አገር ልጅ አግብቶ በቆራጮቹ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራል። የካቦዎቹ ቤት ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው፤ የቆራጮቹ ሰፈር በሙሉ ለአንድ ቧንቧ ይሰለፋል። ይህ ደገፋ አንድ እሁድ እድር ልግባ ብሎ ስብሰባ መጣ። በዚያው ጠዋት ኃይለጊዮርጊስ በቀበሌው ሰልፍ ላይ ግራ እጁን ጨብጦ «እኩልነት ለሰፊው ሕዝብ!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኋል። ከሰዓት በኋላ ደገፋን ከላይ እስከ ታች አየውና፣

«እናንተ መጤ ናችሁ፤ አገዳው ሲያልቅ ትሄዳላችሁ» አለው።

«ጋሼ፣ ልጆቼን የወለድኩት እኮ እዚሁ ነው።»

«አንተ ጠቋራ! ከእኛ ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ አማረህ?»

አንዳንዱ ሳቀ። ደገፋ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

ይሁን እንጂ እግሩ ከለቅሶ አልቀረም። ጡሩምባዬን ሲሰማ አካፋውን ይዞ ከእድርተኛው ቀድሞ ይደርሳል። ክርስቲያን ሞተ እስላም፣ ቆፋሪው እሱ ነው። የወንጂ ጥቁር አፈር በበጋ ድንጋይ ነው፤ እኛ ተራ በተራ ስናለከልክ እሱ ሸሚዙን አውልቆ ይጨርሰዋል። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ ድንኳን ሳይገባ፣ ውጭ እንደቆመ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይሄዳል።

ደገፋን ወባ ገደለው። ሎሚ የእድሩን ድንኳን አውሱኝ ብላ ላከች። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ኃይለጊዮርጊስ ኪስ ውስጥ ነው።

«አባል አይደለም። ጡሩምባም እንዳትነፋ!» አለኝ።

ለሰው ሞት አነሰው፣ አልኩ በሆዴ።

እኔ ሳልነፋ ሕዝቡ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ሙያዬን የናቁብኝ መሰለኝ። ከገበሬው መንደር፣ ከፋብሪካው፣ ከመስጊዱ እየጎረፈ የደገፋን ደጅ ሞላ፤ ቦዩን ተሻግሮ መንገድ ዘጋ። ወንበር የለ፣ ጥላ የለ፤ ሰው ደረቅ የአገዳ ቅጠል እያነጠፈ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ኃይለጊዮርጊስ ከሩቅ ቆሞ ሲያይ ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ማን ነፋለት?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን አመጣቸው? ቢቀሩ አይቀጡ!»

አንጀቱን ያሳረረው ይኸው ነው። የእድርተኛ ቀብር የሚሞላው በቅጣት ነው፤ የቀረ ይከፍላል። ለደገፋ የመጣውን ግን ማንም አላስገደደውም። ደገፋ ያገኘውን እኔ እንዴት አጣዋለሁ ብሎ ነው መሰል፣ ኃይለጊዮርጊስ በቀጣዩ ስብሰባ ብድግ አለና፣

«የመቅረት ቅጣት ይሰረዝ! ሰው በፍቅር ይምጣ!» አለ።

እድርተኛው አጨበጨበ። ማን ይጠላል?

መንፈቅ ሳይሞላ እናቱ አረፈች። ሳምባዬ እስኪፈነዳ ነፋሁ። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ። የሥራ ቀን ነበር፤ አንዱ ፈረቃ አለብኝ አለ፣ አንዱ ናዝሬት ገበያ ሄደ። የመጡት የፊተኛውን አግዳሚ እንኳ አልሞሉትም። ኃይለጊዮርጊስ በሩን በሩን ያያል። እንደዚያ ስጠላው የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ቀን አሳዘነኝ።

ረፈድ ሲል ቆራጮቹ በቦዩ በኩል መጡ፤ አካፋቸውን በትከሻቸው አድርገዋል፣ ሎሚ ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች ከፊት ናት።

«ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናዎት» አለችው።

መቃብሩን ቆፈሩ፣ ሬሳውንም ተሸከሙ። ከቀብር መልስ እንደ ልማዳቸው ከድንኳኑ ውጭ ቆሙ። ኃይለጊዮርጊስ ተነስቶ ወደ ሎሚ ሄደ።

«ለምን መጣሽ?»

«ደገፋ ቢኖር አይቀርም ነበር። እሱ የለም ብለን እንቅር?»

ፊቱ ልውጥ አለ። እሷ ስትርቅ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ሰማህ ጃራ? እናቴን ያስቀበረልኝም እሱ ነው! ሞቶም በለጠኝ!» አለና፣ ቀኑን ሙሉ ደርቆ የዋለው ሰው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ከሣልስት በኋላ ቅዳሜ ማታ አስጠራኝ።

«ነገ ጡሩምባ ንፋ።»

«ማን ሞተ?»

«ደገፋ።»

«ጋሼ፣ ደገፋ እኮ ከሞተ ወራት አለፉት።»

«ንፋ አልኩህ!» ብሎ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ወረወረልኝ።

ነፋሁ። «የእድራችን አባል ደገፋ አርፏል!» ብዬ ለፈፍኩ። ሰው ግራ እየተጋባ ወጣ። ድንኳኑን ሎሚ ደጅ ተከልነው፤ እሷና ቆራጮቹ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ ከኋላቸው ድንኳኑ ጢም አለ። ኃይለጊዮርጊስ ግን በሩ ላይ ቆሞ ሕዝቡን በዓይኑ ሲለካ ያዝኩት። ቅናት እንደ ወባ ነው፣ ያገረሻል።

«የእኔስ ዕለት እንዲህ ይሞላ ይሆን ጃራ?»

«አካፋ ካነሱ ገና አልመሸም፣ ጋሼ» አልኩት።

መዳፉን ገልበጥ አድርጎ አየ። የካቦ እጅ ነው፤ ከዱላ በቀር ምንም ይዞ አያውቅም።