የቅሬው ጠሪ

አባቴ ጣራ ይጠላ ነበር። ወጣትነቱን ምሽግ ውስጥ የጨረሰ ወታደር ቤት ሲያገኝ ደስ ይለዋል ብሎ ሰው ያስባል፤ እሱ ግን ክረምት ካልሆነ በቀር ደጅ፣ ባሕር ዛፉ ስር፣ ያረጀ ካፖርቱን ደርቦ ነው የሚተኛው። ሲነጋ ወደ አባይ በሚወርደው ገደል ይጠፋል። በበጋ የማይደርቀውን ምንጭ፣ ዝንጀሮ የሚያድርበትን ዋሻ፣ በቅሎ የማትደፍረውን አቋራጭ ሁሉ ያውቃል። እናቴ በሕይወት ሳለች «እኔን ነው ያገባው ወይስ ገደሉን?» ትል ነበር።

ያ እውቀቱ ለመንደሩ ተረፈ። እኛ ያለነው ከዳገቱ ስር ነው፤ መኪና የሚገኘው ጫፉ ላይ፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ከዚያም አልፎ መካነ ሰላም ነው። የታመመ ሰው፣ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ነው የሚወጡት። የሚሸከማቸው ቅሬው ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት፣ የሞተውን የሚቀብር፣ የታመመውን የሚያወጣ ማኅበራችን። «አስር አለቃ» የሚሉት አባቴ ማንም ሳይሾመው የቅሬው ጠሪ ሆነ። ከመስጊዱ በላይ ካለው ቋጥኝ ወጥቶ «ቅሬ ውጣ!» ሲል ማዶ ድረስ ይሰማል። ጠርቶ ሲያበቃ ሮጦ የቃሬዛውን ፊት የሚይዘውም እሱ ነው። ቃሬዛውን የሠራው በእጁ ነበር፤ ሬሳ እንዲጫንበት ግን አይፈቅድም። «ሬሳ በአልጋ ይውጣ፤ ይቺ የሕያው ናት» ይላል። ሲመርቁት «ምርቃቱን ለመንገዱ ስጡልኝ፣ እሱ ይስተካከል» እያለ ያሾፋል።

ቃሬዛው ግን ከዓመት ዓመት ከበደ። ትከሻ ያለው ሁሉ ሳውዲ ሄደ፤ ሁለቱ ወንድሞቼም እዚያው ናቸው። እኔ ከጅዳ ስመለስ ያገኘሁት ሴትና ሽማግሌ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩ ባሕር ተሻግሯል። የመንደሩን ቤት ሁሉ ቆርቆሮ ያለበሱት እነሱ ናቸው፣ አላህ ይስጣቸው። ቆርቆሮ ግን በሽተኛ አይሸከምም።

በጤፍ አጨዳ ሰሞን፣ አንድ ጧት፣ አባቴን ሆዱን ቆርጦ ያዘው። ቆስሎ እንኳ አላለቀሰም የሚባልለት ሰው መሬቱን በጥፍሩ ሲቧጥጥ አየሁ። ሆዱ ተነፋ፤ ውሃም አልረጋለት አለ። ጎረቤታችን ቋጥኙ ላይ ወጥቶ «ቅሬ ውጣ!» ብሎ ተጣራ። እኔ ደጅ ቆሜ ቃሬዛውን ጠበቅሁ።

የመጡት መቆፈሪያና አካፋ ይዘው ነው። የሚጣራው ሌላ ሰው ከሆነ የሞተው ጠሪው ነው ብለው፣ የቀረውን ሳይሰሙ፣ ከየማሳቸው ለቀብር ተነሱ። ቃሬዛው መስጊድ በረንዳ ላይ ቀርቷል። ደሜ ፈላ። «አባቴ አልሞተም! ምን ይዛችሁ ነው የመጣችሁት?» ብዬ ጮህኩባቸው። እሱ ከባሕር ዛፉ ስር ቀና ብሎ መቆፈሪያዎቹን አየ።

«ቸኮላችሁ» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሕመሙ አላስጨረሰውም።

ቃሬዛው እስኪመጣ ፀሐይዋ ከረረች። በዚያ መሃል ሽማግሌዎቹን ጠርቶ አንድ ነገር አላቸው፤ እኔ ልብሱን ለመሰብሰብ ቤት ገብቼ ስለነበር አልሰማሁም። ከዚያ ሴቶቹም ተሸክመን ዳገቱን ተያያዝነው። የተሸከምነው ሰው ራሱ መንገድ ይመራን ነበር። «በቀኝ ያዙ፣ ድንጋዩ ይከዳል» ይላል። «አባ፣ አብሽር፣ ደረስን» እለዋለሁ፤ አልደረስንም። ያ ረቢ፣ ይቺን ዳገት ብቻ አሳልፈው እያልኩ ለመንኩ። ከዳገቱ አጋማሽ ካለው ዋርካ አልፈን የትኛውን አቋራጭ እንያዝ ብንለው አልመለሰልንም። ጫፉ ላይ መኪና ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሾፌሩ ወርዶ አየውና ሞተሩን አጠፋ።

በዚያችው በሕያው ቃሬዛ ይዘነው ወረድን። መስጊዱ ጋ ስንደርስ መቃብሩ ተቆፍሮ አልቋል። መውጣት ያቃታቸው ሽማግሌዎች መቆፈሪያቸውን አጠገባቸው አጋድመው ላባቸውን ይጠርጋሉ። አበድኩ።

«እሱ ትከሻችን ላይ ሲያቃስት እናንተ ትቆፍሩለት ነበር? አላህን አትፈሩም?»

ማንም አልተቆጣኝም። ታላቃቸው ብድግ አሉ።

«እሱ ነው ያዘዘን፣ ልጄ። ‹መቆፈሪያውን አትመልሱ፤ ሰዉ አጨዳ ላይ ነው፣ ሁለቴ አትጥሩት› አለን።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዳገት ለምን አወጣነው?»

ወደ መሬት እያዩ፣ «‹ልጄ ትሞክር፤ ካልሞከረች ዕድሜ ልኳን ትቆጫለች› አለ» አሉኝ።

ይኸው ሞክሬም እቆጫለሁ።