አንድ ወንበር፣ ሦስት ሰው

ያን ቀን ከቤቴ ማደሬ እስካሁን ይገርመኛል። የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግ ኮንጋ በምትባል የገጠር ቀበሌ አስተማሪ ነበርኩ። ከሦስት እጩዎች የሚመረጠው አንድ ብቻ ነው። አመራረጡን ለገበሬው ያስረዳሁት እኔ ስለሆንኩ ስህተት ቢፈጠርም ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ሳጥኑ ሲከፈት የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሦስቱም ተመርጠዋል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ምርጫውን የሚያስፈጽመው ካድሬ ፊቱ ጠቆረ።

«አስተማሪ፣ እንዲህ ብለህ ነው ያስረዳሃቸው?»

ጓደኛዬን ከዚህ ባነሰ ነገር ወስደው አስረውታል።

ከታዛቢዎቹ አንዱ፣ አዛውንቱ አባባ በራሶ፣ መለሱልኝ። «እሱስ አንድ ምረጡ ብሏል። እኛ ግን ሶንጎ፣ በሽማግሌዎቻችን ጉባኤ፣ ተቀምጠን መከርን። ሦስቱም ልጆቻችን ናቸው። አንዱን ሾመን ከሁለቱ እንጣላ? ተስማምተው አብረው ይግዙን።»

«አንድ ወንበር ላይ ሦስት ሰው?»

«ጠጋ ጠጋ ይበሉዋ!»

ካድሬው ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«ነገ እንደገና እናስመርጣለን» አለኝ። «ነገሩ ከዚህ እንዳይወጣ።»

«አታስሩኝም?»

ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«የትኛው እንዲያልፍ እንደተፈለገ ከላይ አልነገሩኝም። እኔም ሦስቱንም ነው የመረጥኩት።»