የአቶ ግማሽ ባሕር

መሥሪያ ቤቱ በሌሉበት የሚጠራቸው «አቶ ግማሽ» እያለ ነው። የበጀት ክፍል ኃላፊ ናቸው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፤ የመጣላቸውን ጥያቄ ሁሉ ለሁለት ከፍሎ አንዱን መጣል። አሥር ወንበር የጠየቀ አምስት ይወስዳል። ይህን ያወቀ ሠራተኛ አምስት ሲፈልግ አሥር ብሎ ይጽፋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እሱም እንደሚያውቁ ያውቃል፣ እንዲህ እየተሸዋወዱ ስንት ዓመት ኖሩ። አንድ ጊዜ አዲስ የገባች ጸሐፊ፣ የዋህ ናት፣ የሚያስፈልጋትን ያህል ወረቀት ብቻ ጠየቀች። ዓመቱ ሳይጋመስ በየቢሮው እየዞረች ወረቀት ስትለምን ከረመች። አቶ ግማሽ ቅንጣት አላዘኑላትም። ሰው አፉን ከከፈተ እጥፍ ነው የሚጠይቀው፣ አበቃ።

ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሰው ቢሏቸው ያሏቸው አንዲት ልጃቸውና የእሷ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ናቸው። ትምህርት ሲዘጋ ታዲያ ትንሿ ልጅ የምትከርመው ከአባቷ እናት ዘንድ ነው። እዚያ ግቢ አለ፣ ጥንቸል አለ። እሳቸው ቤት ያለው ሶፋና የግድግዳ ሰዓት ነው። ዘንድሮ ግን በስልክ አንድ ብርቱካናማና ነጭ የባሕር ዓሣ እንዳማራት ነገረቻቸው፤ ከገዙላት እረፍቱን እሳቸው ጋ ልታሳልፍ ቃል ገባች። የአቶ ግማሽ ሆድ ባባ። ገንዘብ ለማውጣት ሲቸኩሉ ያየ ሰው ቢኖር ታመዋል ይል ነበር።

ዓሣ ሻጩ አፉ የማያርፍ፣ በዕውቀቱ የሚኮራ ሰው ነው። ጀማሪ ሰፋ ያለ ገንዳ ይሻለዋል፣ ውሃው ባነሰ ቁጥር ጥፋት አይችልም አላቸው። ከዚያ ወረደባቸው፤ የባሕር ጨው፣ የጨው መለኪያ፣ ማሞቂያ፣ ውሃ የሚያዞር ሞተር፣ ድንጋይ፣ የውሃ መመርመሪያ። መስታወቱና ዓሣው ምንም አይደሉም፣ ኪስ የሚያራቁተው በየጊዜው የሚገዛው ጨውና የተጣራ ውሃ ነው አለ። በመጨረሻም ውሃው ዓሣ ሳይገባበት ስድስት ሳምንት መክረም አለበት፤ የዓሣን ቆሻሻ የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ መጠበቅ ግድ ነው አለ።

አቶ ግማሽ አገጫቸውን ይዘው ሰሙት። ከዚያ ለሁለት ከፈሉት። ገንዳው ግማሽ፣ ድንጋዩ ግማሽ። መመርመሪያውን ከነጭራሹ ሰረዙት፤ ንጹሕ ውሃ ለመለየት ዓይን ምን ሆነ? ጨውንም ሊከፍሉት ነበር፣ ሻጩ እንግዲያው ዓሣውን ከአሁኑ ይጥበሱት ብሎ ሽንጡን ገትሮ ስለተከራከራቸው ሳይቀነስ አለፈ። ስድስቱን ሳምንትማ ማን ይሰማዋል? ባዶ ውሃ በመብራት ሲሞቅ ሊከርም! ሦስት ሰጡት።

ሦስቱ ሳምንት እንዳለቀ ዓሣዋን አስገቡ። እንዴት ታምራለች! አቶ ግማሽ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ፤ ራታቸውንም እዚያው በሉ። በማግስቱ መሥሪያ ቤት ገብተው፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው፣ ባሕርን የሚያህል ነገር በግማሽ ዋጋ ቤታቸው እንዳስገቡ ላገኙት ሁሉ አወሩ።

በሳምንቱ መጨረሻ እናትና ልጅ ቦርሳቸውን ይዘው መጡ። ዓሣዋ ወደ ላይ ተጠግታ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ትንሿ ልጅ እያወራችኝ ነው ብላ ፈነደቀች። ምሳ በልተው ሲመለሱ ዓሣዋ በጎኗ ተንሳፋለች። የልጅቷ ለቅሶ ከጎረቤት ተሰማ፤ ጥንቸሎቹ ጋ ውሰጂኝ እያለች እናቷ ቀሚስ ላይ ተጠመጠመች።

አቶ ግማሽ ሻጩ ዘንድ ደውለው የታመመ ዓሣ ሸጥክልኝ ብለው ጮኹበት። ሻጩ ውሃውን ስንት ሳምንት እንዳቆዩት ጠየቃቸው። ነገሩት።

«የራሷ ቆሻሻ ነው የመረዛት፣ ጋሼ» አለ። «እኔ ስድስት ያልኩት ስድስት ስለሆነ ነው እኮ።»

ስልኩን አስቀመጡ። ልጃቸው የልጇን ጫማ እያሰረች ነበር። አቶ ግማሽ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አትውሰጂብኝ። ውሃውን እንደገና እጀምረዋለሁ፣ በሥርዓቱ፣ ከእሷ ጋር። ልጅቷን የእረፍቱን ሁለት ወር ሙሉ እኔ ጋ ተይልኝ።»

ልጃቸው ቀና አላለችም። «አንድ ወር ይበቃሃል፣ አባዬ።»

በአንድ ወር ውሃው አይደርስም፤ ልጅቷ አዲሱን ዓሣ ሳታይ ትሄዳለች። ይህንን አስረዱ። ሁለት ወር ያልኩት የምሬን ነው፣ ጨምሬ አልጠየቅኩሽም አሉ፤ ለመኑ።

«እማዬም የምትጠይቅህ የምሯን ነበር» አለች ልጃቸው። ከዚያ የልጇን ቦርሳ ከፍታ ከልብሱ ግማሹን ሶፋው ላይ አወጣች፣ በቀረው ላይ ዚፑን መልሳ ዘጋችበት።