በብር የተለበጠው ቱቦ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የክፍላችን ኃላፊ ነርስ ሲስተር ለተብርሃን ቱቦ መቀቀል አዘዘችኝ። መቀሌ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ በወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍል በጤና ረዳትነት ተቀጥሬ ነበር። ያኔ የሽንት ማስወጫው ቱቦ ቀይ ጎማ ነው፤ ታጥቦና ተቀቅሎ ለሌላ ሰው ይገባል።

"ሓወይ፣" አለችኝ፣ በትግርኛ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ "ነገ ለአባትህ የሚገባ ነው ብለህ እጠብ።"

ስለ ንጽሕና የቀረውን ከመጻሕፍት ራሴ ተማርኩ። እጁን ሳይታጠብ ማዕድ የቀረበ ልጄን አስነሣ ነበር። ልጆቼ ቤታችንን "ቀዶ ሕክምና ክፍል" ይሉታል። እውነታቸውን ነው።

በኋላ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ቱቦ መጣና መቀቀል ቀረ። ቱቦው የሚያመጣው ትኩሳት ግን አልቀረም። ቱቦው ሲቆይ፣ የወንዝ ድንጋይ ላይ እንደሚይዘው ሙልጭልጭ ነገር፣ ጀርም ተለጥፎበት ያድጋል።

አቶ ሰይድ ከወሎ መጥተው መቀሌ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ። ፕሮስቴታቸው አብጦ ያለ ቱቦ መሽናት አልቻሉም። ቀዶ ሕክምናቸው በትኩሳት ምክንያት ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ሐጎስ ካስቀመጣቸው አዳዲስ ቱቦዎች የመጨረሻውን ሰጠኝ።

"ላዩ በብር የተለበጠ ነው፤ ጀርም እንዳይለጠፍ ያግዛል። አሁንም ትኩሳት ከመጣ ለኩላሊታቸው እፈራለሁ።"

ሳስገባላቸው አቶ ሰይድ፣ "ብር?" አሉ። "ሆዴ ውስጥ ብር እንዳለ ዘመድ ከሰማ ክፍሉ አይበቃንም!"

ዘመድ ሳይሰማም ይመጣ ነበር። በጠያቂ ሰዓት እኛ ሠራተኞች ከክፍሉ የመውጣት ልማድ ነበረን። የመጨረሻው ቱቦ አሳስቦኝ ያን ቀን ቀረሁ።

የጠያቂዎቹ ድምፅ ከኮሪደሩ ሲሰማ የአቶ ሰይድ ሚስት ወይዘሮ ዘይነባ ከአልጋው ሥር የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት ብድግ አድርገው ጋቢው ውስጥ፣ ከባላቸው ሆድ አጠገብ ደበቁት። የተጠራቀመው ሽንት ወደ ሰውየው መመለስ ጀመረ። እንዲህ ያለውን የትኛውም ልባጥ አይመክትም። ሮጬ አወረድኩት።

"ማን ፈቀደልዎት?" ብዬ ጮኽኩ።

"ያረቢ! አማቾቼ ፊት የባሌ ሽንት ይንጠልጠል?"

"ይንጠልጠል!"

"የእርስዎ ቢሆን ያንጠለጥሉታል?"

አላንጠለጥለውም ነበር።

አቶ ሰይድ ሳቁ። "አንቺ፣ የጨርቅ ነጋዴ ሚስት አይደለሽም? ልብስ ስፊለት እንጂ!"

በማግስቱ ወይዘሮ ዘይነባ ማንገቻ ያለው ሰማያዊ ኪስ ሰፍተው መጡ። ከረጢቱን ኪሱ ውስጥ ከተን፣ ወለሉን ሳይነካ ከአልጋው ሥር ሰቀልነው። ጠያቂ መጣ፣ ተጫወተ፣ ሄደ። ማንም ሽንት አላየም።

በየማለዳው ቴርሞሜትሩን አነብ ነበር። ትኩሳት አልመጣም። ቀዶ ሕክምናው ተደረገ፤ ቱቦው የሚወጣበትም ቀን ደረሰ። አቶ ሰይድ ግድግዳ እየያዙ መጸዳጃ ቤት ገቡ። እኔና ወይዘሮ ዘይነባ ደጅ ቆመን ጆሯችንን ጣል አደረግን። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ የሽንቱ ድምፅ ተሰማ፣ እየጠነከረም ሄደ።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ከውስጥ። ሚስታቸው እልል አሉ። የኮሪደሩን ጸጥታ የማስከብረው እኔ እልልታውን አላስቆምኩም።

ዶክተር ሐጎስ ብሩን ያመሰግናል፤ ወይዘሮ ዘይነባ ኪሱን። የትኛው እንዳዳናቸው እኔ አላውቅም። ጥሩ ቱቦ ካገኛችሁ ተጠቀሙበት። ከረጢቱን ከሽንት ፊኛው በታች ስቀሉ፤ በጠያቂ ሰዓትም ከክፍሉ አትውጡ።