ዋስትና ያጣው ካርድ

እናቴና እኔ አብረን የኖርነው በአንድ ግራፊክስ ካርድ ነው። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ካርዱ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰካ፣ ሥዕል የሚያወጣ፣ የራሱ ማራገቢያ ያለው ዕቃ ነው። ሰንጋ ተራ የግንባታ አጥር ላይ ተለጥፎ የምታዩት፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ፣ በሩ ላይ ዛፍ የበቀለበት፣ ፀሐይ የማትጠልቅበት ሕንፃ አለ አይደል? እሱን ከሚሠሩት አንዷ እኔ ነኝ። ሕንፃው ይሠራ አይሠራ እግዜር ይወቅ፤ ሥዕሉ ግን ያምራል። ያለ ካርዱ ሥዕልም የለ፣ እንጀራም የለ።

ድሮ ቢሮ ነበር የምሠራው። እናቴ ግፊት አለባት። አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ወድቃ፣ እኔ ከሥራ እስክመለስ ሲሚንቶው ላይ ተኝታ ዋለች። ደርሼ ሳነሳት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምሳ በልቼ እንደሆነ ነው። በማግስቱ ቢሮውን ለቀቅኩ። ያለኝን አራግፌ ኮምፒውተሩን ገዛሁና ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ተከልኩት። ደንበኛ ጋ ብወጣ እንኳ ብዙ አልቆይም፤ የቀረውን ጊዜ እሷ ሶፋው ላይ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ነን። ስምምነታችን ግልጽ ነበር። ማሽኑ እስከሠራ ድረስ አብረን ነን። ማሽኑ ከቆመ እኔ ቢሮ እገባለሁ፣ እሷ ቡታጅራ እህቷ ጋ ትሄዳለች። አክስቴ ደግ ሰው ናት፤ ግን እናቴ ጎረቤቶቿን፣ ልደታ ማርያምንና የገዛ ወንበሯን ትታ በስተርጅና የሰው ቤት መግባት ያስፈራታል። እኔንም ያስፈራኝ ነበር።

ካርዱን የገዛሁት ከልደታ ፍርድ ቤት ወረድ ብሎ ካለ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የአንድ ዓመት ዋስትና እንዳለው ነገረኝና አንዱ ብሎን ላይ የተለጠፈች የጥፍር ታህል ማኅተም አሳየኝ። ይቺ ከተነሳች ዋስትናው የለም አለኝ። እሺ አልኩ። ዕቃ ሲገዛ እሺ የማይል ማን አለ?

ሰፈራችን አቧራ ነው። በአንድ በኩል ይፈርሳል፣ በሌላ በኩል ይገነባል፤ መስኮት ብትዘጋም ይገባል። ጥቂት ወራት እንደሄደ ካርዱ መጋል ጀመረ። ሥዕሉ ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና የቀኑ ልፋት ገደል ይገባል። ባለ ሱቁ ጋ ስደውል አምጪው አለኝ፤ ዱባይ ይላካል፣ ተመርምሮ ይመለሳል፣ ወር ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል። ወር ሁለት ወር ምን በልተን? የያዝኩትን ሥራ ሳላስረክብ ብቀር ደንበኛው ሌላ ሰው ይዞ ይሄዳል። ተናደድኩ። ዋስትና ማለት ዕቃህን ወስደው ሥራ የሚያስፈቱህ ከሆነ ምኑን ዋስትና ሆነ?

ስለዚህ ራሴ ከፈትኩት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኔም ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ሲከፍቱ አይቼ ካቻቢቴ ይዤ ተቀመጥኩ። ማኅተሟ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀደደች። ውስጡ አቧራ ጠቅጥቆታል፣ ሙቀቱን እንዲያወጣ ቺፑ ላይ የተቀባው ቅባት ደርቆ ጠመኔ ሆኗል። ጠረግኩት፣ አዲስ ቅባት ቀባሁት፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀሉ ሁለት ትልልቅ ማራገቢያዎች በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩለት። ማራገቢያዎቹ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ስለተረፉ የጎኑን ክዳን አንስቼ አልጋ ሥር ወረወርኩት። አስቀያሚ ነበር፤ ግን ሠራ። ሙቀቱ ወረደ፣ ሥዕሉ ሳይቋረጥ ወጣ፣ ሥራዬን በቀኑ አስረከብኩ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁ። መሐንዲስ ሆንኩ ብዬ ለእናቴ ጎረርኩባት።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችው። ሽቦው፣ ብረቱ፣ የሚሽከረከረው ሁሉ ተገልጦ ይታያል። እንዲህ ሆዱ ተከፍቶ ሊቀር ነው ወይ አለችኝ። እንዲህ ይሻለዋል አልኳት፤ ከእንግዲህ ጠላቱ አቧራ ብቻ ነው። ራሷን ነቀነቀችና ወደ እጅ ሥራዋ ተመለሰች።

ሳምንታት እንዳለፉ ግለቱ ተመለሰ። የሚገርመው፣ እኔ ቁጭ ብዬ ስሠራ ደህና ነው፤ ሥዕሉን ብቻውን እንዲያወጣ አስጀምሬው፣ ስክሪኑን አጥፍቼ ስወጣ ነው የሚብስበት። መብራቱ ነው አልኩ። ቅባቱ ርካሽ ነው አልኩ። ማራገቢያዎቹን ገልብጬ አሰርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ከራሴ ሥራ በቀር የጠረጠርኩት ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ከደንበኛ ስመለስ ደረጃው ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። እናቴ መስኮቱን ሁሉ ከፍታ መሐል ቤት ቆማለች። ልጄ፣ የሆነ ነገር ሸተተኝ አለችኝ። ማሽኑን ከዚያ ወዲያ ባበራው ባጠፋው ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ሱቁ መጀመሪያ የሄድኩት ብቻዬን ነው፤ ያውም በንዴት። ባለ ሱቁ ካርዱን ገለበጠና የተቀደደችውን ማኅተም በጣቱ አሳየኝ። ወረቀት ናት ወይስ ታቦት፣ እንዲህ የማትነካው አልኩት። እሱ ድምፁን ሳያነሳ ሕጉ የእሱ እንዳልሆነ፣ ላኪዎቹ ማኅተም የሌለው ዕቃ እንደማይቀበሉ ነገረኝ። በሩን ወርውሬ ወጣሁ።

እናቴ ስነግራት ተቆጣችኝ። ሰው እንዲህ አይለመንም አለች። በእሷ ዘመን የተበላሸ ነገር የሚቃናው ትልቅ ሰው ገብቶበት ነው፤ ሽማግሌ ቢጠፋ እናት ትሄዳለች። በማግስቱ ነጠላዋን ለብሳ፣ ክንዴን ይዛ፣ በየመሐሉ እያረፈች አብረን ሄድን።

እንዳሰበችውም ሆነ። ባለ ሱቁ ስትገባ ብድግ አለ፣ ወንበር አቀረበላት፣ ውሃ አስመጣላት። የማን ልጅ ነህ አለችው። አገሩ ቡታጅራ አጠገብ ሆኖ ተገኘ፤ የአባቱን ወንድም ታውቀዋለች። የካርዱን ነገር አላነሳችም። ልጆቹን ጠየቀች፣ እናቱ ማረፏን ሰምታ አዘነች። በመጨረሻ ለእኔ ሥራ ማለት ይኼ ዕቃ እንደሆነ፣ እሱ ከሌለ ከቤቷ እንደምትወጣ ብቻ ነገረችው። ካርዱን ከእጄ ተቀብሎ ከኋላ ላለው ቴክኒሻን ሰጠ። ከዚያ ማኅተሙን እንተወው አለ፤ ለምርመራ እኛው ከፈትነው ብላቸው ያምኑኛል፤ ዕቃው በራሱ ጉድለት ተቃጠለ ብዬ እልከዋለሁ፣ ሌላ ይሰጡናል። እኔ በቁጣ የዘጋሁትን በር እሷ በወሬ ከፈተችው። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እናቴ መረቀችው። መርቃም አልበቃትም፤ ውለታውን በእውነት መመለስ ፈለገች መሰለኝ፣ ዕቃው የተያዘው በደንብ እንደሆነ ልታረጋግጥለት ጀመረች።

«አደራህ በከንቱ የቀረ አይምሰልህ የኔ ልጅ» አለችው። «እንደ ሙሽራ ነው የያዝነው። እሷ አቧራ ጠላቱ ነው ስትለኝ፣ ዳንቴል ሠራሁለት፣ ወፍራም አድርጌ፣ ከላይ እስከ ታች የሚሸፍነው። እሷ ስትወጣ አለብሰዋለሁ፤ ኮቴዋን ስሰማ አነሳለታለሁ፣ ሥራዋን እንዳይዝባት። ስክሪኑ ሲጠፋ ተኝቷል ማለት አይደል? ተኝቶ ሳለ አንድ ቀን እርቃኑን ውሎ አያውቅም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ካርዱን ይመረምር የነበረው ቴክኒሻን ቀና አለ። በወረንጦ ከማራገቢያው ውስጥ ያወጣውን ነጭ ክር ይዟል፤ ግማሹ ቀልጦ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቋል። ይኼ ክር ምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር አለ፣ በሰላሙ፣ ለባለ ሱቁ።

እኔ ያኔ ነው የገባኝ። የቤታችን ቴሌቪዥን ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ አለው፣ ሶፋው አለው። ማሽኔ ክዳኑ ተነስቶ፣ አንጀቱ ተዘርግፎ ስታየው፣ ለእሷ ልብስ ያጣ ዕቃ ሆነባት። ስክሪኑ ጠፍቶ እሱ ግን ውስጥ ውስጡን ሲሠራ፣ ሲግል፣ በወፍራም ክር ታፍኖ ሲቃጠል ኖሯል።

ባለ ሱቁ አንገቱን ደፋ። «እማማ፣ ማኅተሙ ቀላል ነበር» አላት። «ይኼን ግን ከፍተው ያገኙታል። የዕቃው ጥፋት ነው ብዬ ልጽፍላቸው አልችልም። ይቅር ይበሉኝ።» ስሙ በዚያ በኩል ከጠፋ ሌላ ዕቃ እንደማይልኩለት ለእኔ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ልጣላው አማረኝ፤ የምጣላበት ነገር አልነበረኝም።

እናቴ የእሱን ፊት አየች፣ ክሩን አየች፣ እኔን አየች። «እኔ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

አይደለሽም አልኳት። እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ እኔ ነኝ ክዳኑን ያነሳሁት አልኳት። እውነት ነበር፤ ግን ማን ይስማኝ? ስንመለስ ክንዴን አልያዘችም። ግድግዳ ግድግዳውን እየዳሰሰች ነው የሄደችው። ልይዛት ስል ተዪኝ፣ ራሴ እችላለሁ አለችኝ።

ቤት እንደገባን ዳንቴሎቹን ሁሉ አነሳች። የቴሌቪዥኑን፣ የፍሪጁን፣ የሶፋውን፣ አንድም ሳታስቀር አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተች። እማዬ ተዪው፣ እነሱ ምን አደረጉ ብላትም ፌስታሉን ቋጠረችው። ቤቱ ገና የገባንበት መሰለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳሎኑን አልፋ ስትሄድ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ሆነ። መብራት ለማብራት እንኳ እኔን ትጠራ ጀመር። ስንት ዓመት ቤት ያቀናው እጇ በመጨረሻ አመድ አፋሽ ሆነ፤ ያስለቀሰኝ ካርዱ አይደለም፣ ይኼ ነው።

ካርዱን ይዤ ያልዞርኩበት ጠጋኝ የለም። ሁሉም ያሸቱትና ይመልሱልኛል። ደንበኛው እንደፈራሁት ሄደ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሃያ ሁለት አካባቢ ቢሮ ገባሁ፤ ማለዳ ወጥቼ ሲመሽ ነው የምመለሰው። ብቻዋን ትቻት መውጣቱ አልሆን ሲለኝ፣ ጎረቤት ታይልኝ ብል፣ እሷው ቀደመችኝ። ሻንጣዋን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። አትሂጂ አላልኳትም። ብላት ኖሮስ፣ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ላገኛት ነው?

አሁን በየምሽቱ እደውላለሁ። ስልኩን የምታነሳው አክስቴ ናት። ዛሬም እናቴ ሬዲዮ ክፈቺ ብትባል እምቢ እንዳለች፣ ውሃ ሲጠማት ብርጭቆውን ላንሳው ወይ ብላ እንደምትጠይቅ፣ እህቷ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ እጇን አጣጥፋ እንደምትውል ድምፅዋን ቀንሳ ነገረችኝ። ከዚያ አቀበለቻት። እናቴ መብላቴን ጠየቀችኝ፣ ታክሲ እንዳያስመሽብኝ ነገረችኝ። አንቺስ እንዴት ዋልሽ አልኳት።

«ደህና ነኝ ልጄ» አለችኝ። «ምንም አልነካሁም።»